ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ

ነገሩ የተጀመረው በቡና ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ የኬኒ ሮጀርስንና የዶሊ ፓርተንን ዘፈን ከትምህርቱ አስበልጦ የሚያውቀው፣ «አገራችን ውስጥ የሌለ የሙዚቃ ዓይነት የለም፤ የካንትሪ ዘፈን ደራሲ ብቻ አላፈራንም» ብሎ ደመደመ። ሌላዋ ሲኒዋን ሳታስቀምጥ «ካንትሪ ማለት ባላገር ማለት አይደል እንዴ? እኛ ያለን ባላገር ብቻ ነው!» አለችው። ተሳሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ግን ጥያቄው አልበረደም። ባላገሩ ዘፈን እንዳለው አዲስ ቅዳም ላደገ ሰው ሰባኪ አያስፈልገውም። ደራሲስ አለው ወይ? ካለው ስሙ ማን ይባላል? በምን ይተዳደር ነበር? ማን ቀበረው? እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። ዝም ማለት ደግሞ ለእኛ አይሆንልንም፤ ስለዚህ ይህን ጻፍን።

አዲስ ቅዳምን ለማያውቃት፦ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲኬድ አስፋልቱ መሐል ለመሐል የሚያልፍባት፣ ብርዷ የሚቆነጥጥ፣ ድንችና ከሰል የሚጫንባት የፋግታ ለኮማ ከተማ ናት። ቅዳሜነቷን ስሟ ራሱ ይናገራል። በልጅነታችን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ካሴት ቤት ስፒከሩን ወደ መንገዱ አዙሮ ይለቀው ነበር። ገበያተኛው በግና ዶሮውን እንደያዘ ቆሞ ያዳምጣል፤ እኛም ለጨው ተልከን ጨው የሚባል ነገር መኖሩን ረስተን እንቀራለን።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ማሲንቋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ካሴት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። የተለቀቀው አዲስ የወጣ የጎጃም ጭፈራ ነው። ዘፈኑ እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና «ይቺን እኮ እኔ ነኝ ያልኳት» አሉ። በእገሌ ልጅ ሠርግ፣ በእገሌ ዳስ ብለው ቦታውንም ዓመቱንም ቆጠሩ። ባለ ካሴቱ ወረቀቱን ከክዳኑ ውስጥ አውጥቶ አነበበላቸው።

«አባቴ፣ እዚህ ላይ ግጥምና ዜማ የሕዝብ ነው የሚለው።»

«ሕዝብ ማን ነው?»

«ሕዝብ ማለትማ... ያው እርስዎም ሕዝብ ነዎት።»

«እንግዲያውስ ድርሻዬን ስጠኛ!»

ደጃፉ በሳቅ ተናጋ። እኛም አብረን ሳቅን። ሽማግሌው የምር ይበሉት ይቀልዱ ዛሬ ልንመሰክር አንችልም፤ አዝማሪ እውነቱንም ቀልዱንም በአንድ አፍ ነው የሚናገረው። ግን ስንት ዓመት አለፈ፣ ያቺ «ሕዝብ ማን ነው?» የምትል ጥያቄ አልለቀቀችንም።

እስኪ መጀመሪያ «ካንትሪ» የሚለው ስም ወደ ወጣበት አገር እንሂድና እንመለስ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1927 ነው። በአሜሪካ ቴኔሲና ቨርጂኒያ በሚዋሰኑበት ብሪስቶል በምትባል ከተማ ራልፍ ፒር የሚባል የሸክላ ነጋዴ የመቅጃ መሣሪያውን ዘርግቶ የተራራውን ሰው ይጠራል። ከጠሪው ዘንድ ከደረሱት አንዱ «ድሃ ሸለቆ» ከሚባል መንደር የመጣው ኤ.ፒ. ካርተር ነው፤ ከሚስቱ ከሳራና ከወንድሙ ሚስት ከሜይቤል ጋር። (መንደሩ በእውነት «ድሃ ሸለቆ» ነው የሚባለው፤ እኛ አላወጣንለትም።) ፒር ለአንድ ዘፈን 50 ዶላር በእጅ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ግን ዘፈኑ ባለቤት ካለው፣ ማለትም በአንድ ሰው ስም ከተመዘገበ፣ ሸክላው በተሸጠ ቁጥር ሳንቲም ይንጠባጠባል። የፒርም ኪስ የሚሞላው ከዚያው ከምዝገባው ነው። ስለዚህ አዲስ ዘፈን ይፈለጋል። ማንም ስሙን ያልጻፈበት ዘፈን።

ኤ.ፒ. ካርተር ምን አደረገ? ተራራ ለተራራ ዞሮ ዘፈን ለቀመ። ከማዕድን ሠራተኛ፣ ከአሮጊት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ካገኘበት ሁሉ። ግጥሙን በወረቀት ይጽፋል፤ ዜማውን ግን መያዝ አይችልም። ለዚህ ሌስሊ ሪድል የሚባል አንድ እግሩን ያጣ ጥቁር ጊታር ተጫዋች ይዞ ይዞር ነበር። ሪድል አንዴ የሰማውን ዜማ አይረሳም። ቤት ሲመለሱ እሱ ይጫወታል፤ ካርተሮች ይማራሉ። ከዚያ ኤ.ፒ. ግጥሙን ያቃናል፣ የጎደለውን ስንኝ ይሞላል፣ ዘፈኑ ይቀዳል፤ ሸክላው ላይ «ኤ.ፒ. ካርተር» ተብሎ ይጻፋል። የሪድል ስም የለም። ሪድልን እ.ኤ.አ. በ1965 ማይክ ሲገር የሚባል ሙዚቀኛ ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ ብዙ ሰው በሕይወት መኖሩንም አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነሱ ዘንድ የሕዝብ የነበረው የአንድ ሰው ሆነ። እኛ ዘንድ ደግሞ የአንድ ሰው የነበረው የሕዝብ ይሆናል። የትኛው ይሻላል? ከመካከላችን ግማሹ «የነሱ ሌብነት ነው» አለ፤ ግማሹ ደግሞ «ቢያንስ አንድ ሰው በልቶበታል» አለ። ክርክሩ አላለቀም።

የስም ነገር ቀላል እንዳይመስለን አንድ ሌላ ወሬ እንጨምር። ዊትኒ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1992 ለፊልም የዘፈነቻትንና ዓለምን ያስለቀሰችበትን የመለያየት ዘፈን እዚህ አገርም የማያውቃት የለም። ደራሲዋ ግን ዶሊ ፓርተን ናት፤ ከቴኔሲ ተራራ፣ 12 ልጅ ካሳደገ ድሃ ቤት የወጣችው። በ1974 ራሷ ዘፍናው አንደኛ ወጥቶላት ነበር። በዚያው ጊዜ ገደማ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈለገ። ዶሊ በደስታ አልተኛችም። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ግን የኤልቪስ ሥራ አስኪያጅ «የዘፈኑን የባለቤትነት መብት ግማሹን ትሰጫለሽ፤ ደንባችን ነው» አላት። አልሰጥም አለች። ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰች ይባላል፤ ግን አልሰጠችም። ከ18 ዓመት በኋላ የዊትኒ ቅጂ በአሜሪካ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ ገንዘቡ ወደ ማን እንደሄደ መገመት ነው። የእኛ አገር የዘፈን ደራሲ ይህን ታሪክ ቢሰማ የሚስቅ ይመስላችኋል? እኛ አይመስለንም።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ ዘንድ «ደራሲው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚከብደው ሰው ስለሚሰርቅ ብቻ አይደለም። አሠራሩ ራሱ ነው የሚያደናግረው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሳለ አንዱ ከጥግ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ይቀበላል፤ ቤት ከጎደለ ሞልቶ፣ ከተንጋደደ አቅንቶ፣ በዜማ ያወጣዋል። ሌላው ከወዲያ ማዶ ይመልሳል። ሲነጋ አንድ ዘፈን ተወልዷል። የማን ነው? ስንኙን የወረወረው ሰው ጠጥቶ ነበርና አያስታውሰውም። አዝማሪው «ተቀበልኩ» እንጂ «ደረስኩ» አይልም። ዜማው ከአባቱ የመጣ ትዝታ ወይም ባቲ ነው። ሰሙን አንዱ ሰጠ፣ ወርቁን ሌላው ቆፈረ። እንግዲህ ይህን ለየትኛው ጽሕፈት ቤት ታስመዘግበዋለህ?

ደግሞ ስም ማጣት የሚጠቅምበትም ጊዜ ነበረ። ይህን ነገር ብዙ ሰው አያነሣውም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ አዲስ አበባን በደም ካጠባት ወዲያ ያሳደደው መሳፍንቱንና መነኮሳቱን ብቻ አልነበረም። ጠንቋዮችን፣ ትንቢት ተናጋሪዎችንና ዘዋሪ አዝማሪዎችን ለቅሞ እንዲረሽኑ አዘዘ፤ ማዘዙንም ለሮም ጻፈ። ለምን? ጋዜጣ በሌለበት አገር ጋዜጣው አዝማሪው ነበራ! በአንድ ገበያ የተባለ ስንኝ በሳምንቱ ሦስት ገበያ ይሻገራል። እንዲህ ባለ ዘመን «ይህን ማን አለው?» ሲባል «ሕዝቡ ነው የሚለው» ማለት አንገት ያተርፋል። ስለዚህ «የሕዝብ» የምትለው ቃል ሁልጊዜ የሌባ መሸፈኛ አልነበረችም፤ አንዳንዴ የደራሲው ጋሻ ነበረች። ጊዜው ሲያልፍ ጋሻው እጁ ላይ ቀረና ፊቱን ሸፈነው።

ይሄኔ ነው የአንድ ሰው ታሪክ የሚያስፈልገን። በባላገሩ ዘፈንና በደራሲ ስም መሐል ዕድሜውን ሙሉ የቆመ ሰው። ጋሽ ተስፋዬ ለማ።

ጋሽ ተስፋዬ ግጥምም ዜማም የሚደርሱ፣ የሚያቀናብሩ ሰው ነበሩ። ስማቸው ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ኦርኬስትራው ግን በሳቸው አልተጀመረም። የጀመረው ሃሊም ኤል ዳብህ የሚባል በ1921 ካይሮ የተወለደ የሙዚቃ ሰው ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች የአዋጆቹ ሲቀሩ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ አትደናገሩ)። ይህ ሰው በ1944 ካይሮ ውስጥ የሴቶች የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ድምፁን በመሣሪያ እያጣመመ አዲስ ነገር የሠራ ነው። ሴቶቹ ወንድ ስለማያስገቡ ተከናንቦ ገባ ይባላል። ዛር የእኛም ጉድ ነውና፣ ይኸው ሰው ከ18 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩ የዛሩ ጥሪ ይሆን እንዴ ያሰኛል።

በ1963 ኤል ዳብህ ከየክፍለ አገሩ ባለ መሣሪያዎችን ሰበሰበ። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከት፣ ከበሮ፤ ከጋምቤላም የአኙዋኮች ቶም። ዛሬ በቴሌቪዥን የባህል ቡድን ስናይ እነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ከአዳም ጀምሮ እንዲህ የነበሩ ይመስለናል። አልነበሩም! በገና የሚደረድር ሰው በጾም፣ ለብቻው፣ ለነፍሱ ነው የሚደረድር። እምቢልታ ሦስት ሰው ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ብቻ ይነፋል፣ ዜማው ከሦስቱ መሐል አየር ላይ ነው የሚገጠም። ዋሽንት የእረኛ ነው፤ የተቆረጠበት ቁመት ድምፁን ስለሚወስነው ባለ ዋሽንቱ ከሌላ መሣሪያ ጋር ለመግጠም ረጅምና አጭር ይዞ ይዞራል። ቶም ደግሞ በአውራ ጣት የሚመታ ነው፣ የቅኝቱም ነገር ሌላ። ተጫዋቾቹ ከተለያየ ቋንቋና አገር የመጡ ናቸው፤ ኖታ የሚባል ነገር አያውቁም። እነዚህን በአንድ ቅኝት ማስማማት የተጣሉ ሰባት ቤቶችን ከማስታረቅ አያንስም። የሰባቱ ቤት አገው ልጆች ስለሆንን ነገሩ ይገባናል።

ኤል ዳብህ በ1964 አሜሪካ ተመለሰ። ጆን ኮ የሚባል የሰላም ጓድ ተረከበ። (የሰላም ጓዶች በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ ሆነው ነበር የመጡት። አብዛኞቹ መምህራን ነበሩ፤ አባቶቻችን «ፒስ ኮር አስተምሮኛል» ሲሉ በኩራት ነው።) በ1966 ግን አመራሩ ወደ ኢትዮጵያዊ እጅ፣ ወደ ጋሽ ተስፋዬ ለማ ገባ። እስከ 1975 ድረስም ዘጠኝ ዓመት ያህል በእጃቸው ቆየ።

ዘጠኝ ዓመት ምን ሠሩ? ለዚያ ጥርቅም መሣሪያ የሚሆን ዘፈን ሠሩለት። ቀላል ነገር አይደለም። የጎጃም እረኛ በዋሽንቱ የሚነፋት ዜማ ለእረኛው ትበቃዋለች፤ ላሞቹም አያማርሩም። ሰላሳ ሰው የቆመበት መድረክ ላይ ስትወጣ ግን መግቢያ ያስፈልጋታል፣ መልስ የሚሰጣት ያስፈልጋታል፣ ክራሩ የት ዝም እንደሚል የሚወስን ሰው ያስፈልጋታል። አንዳንዱን የባላገር ዜማ አቀናበሩ፤ አንዳንዱን ደግሞ ከራሳቸው አውጥተው የባላገር አስመሰሉት። አድማጩ የቱ ከመንደር እንደመጣ፣ የቱ ከጋሽ ተስፋዬ ወረቀት እንደወጣ አይለይም። ለደራሲ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም፤ ከዚህ የበለጠ መርሳትም የለም። ዘፈኑ የባላገር በመሰለ ቁጥር ደራሲው ይሰወራላ!

«ይህ ሁሉ የተፈበረከ ባህል ነው፤ በየትኛው መንደር ነው በገናና ቶም አብረው የተመቱት?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ከእኛም መሐል እንዲህ የሚል አለ። ግን አንድ ነገር እንያዝላቸው። ጌታመሳይ አበበ የሚባለውን ታላቅ ባለ ማሲንቆ፣ መላኩ ገላውን የሚባለውን ባለ ክራርና ባለ ዋሽንት፣ እኛ የኋላ ልጆች በስም ያወቅናቸው በዚህ ኦርኬስትራ በኩል ነው። እነሱ ከመድረክ ባይወጡ ኖሮ «አንድ ማሲንቆ መቺ» ተብለው ይቀሩ ነበር። «የሕዝብ» ተብለው።

በዚያው ጊዜ ቻርልስ ሳተን የሚባል ሌላ የሰላም ጓድ መጣ። ጊታር ይዞ የመጣ፣ የአገሩን የባላገር ዘፈን የሚያውቅ ወጣት። ጊታሩን አስቀመጠና ከጌታመሳይ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ማሲንቆ ተማረ፤ በአማርኛም ዘፈነ። በ1969 ኦርኬስትራው «ብሉ ናይል ግሩፕ» የሚል ስም ይዞ አሜሪካን ሲዞር ያመቻቸው ይኸው ሳተን ነው። ኤድ ሰሊቫን ሾው ላይም ቀረቡ። አሁን ላሉ ልጆች ይህ ምን እንደሆነ እናስረዳ፦ ኤልቪስን በ1956፣ ቢትልሶችን በ1964 ለአሜሪካ ቤተሰብ ያስተዋወቀው የእሑድ ማታ ፕሮግራም ነው። እዚያ መድረክ ላይ ማሲንቆ ወጣ። ከግሽ ዓባይ የሚነሣው ወንዝ ስም ይዞ። የእኛ ሰፈር ሰው ዓባይን ገና ምንጭ ሳለ የሚያውቀው፣ ኒው ዮርክ የደረሰው ግን በዚህ መንገድ ነው ብለን ብንኩራራ ማን ይከለክለናል?

ከዚያ ያለው የምታውቁት ታሪክ ነው። አብዮቱ መጣ። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1975 ተበተነ። ደርግ ሙዚቃን አልጠላም፤ እንዲያውም አብዝቶ ፈለጋት፤ ለራሱ። በየቀበሌው፣ በየክፍለ አገሩ ኪነት ተቋቋመ። የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ኪነት፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ። ከነዚህ ቡድኖች ስንት ድምፅ እንደወጣ መካድ አይቻልም፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ላላየ ለባላገር ልጅ ትምህርት ቤቱ ኪነት ነበር። ግን ኪነት ዘፈን የሚሰበስበው ከሕዝብ ለሕዝብ ነው። አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የነገራቸው ስንኝ «የሕዝብ» ይሆናል፤ በዚያ ላይ አንድ ሁለት መፈክር ይጨመርበታል። ሶሻሊዝም ደግሞ «የኔ» የሚል ደራሲ ደስ አይለውም።

ቀጥሎ ካሴት መጣና ገንዘብ መጣ። ይህ ነው ልዩነቱ። ዘፈን በዳስ ውስጥ ሲቀር የሚያስከፍለው ጠላና ሽልማት ነው፤ አዝማሪው ግንባሩ ላይ የተለጠፈለትን ብር ይዞ ይሄዳል፣ ሒሳቡም እዚያው ይዘጋል። በካሴት ሲታተም ግን አንዲት ስንኝ በሺህ ታትማ ትሸጣለች፤ ስንኟን ያላት ሰው አገሩ ሆኖ ድንች ይኮተኩታል። ከተማ ያለው ደራሲ እንኳ ግጥሙን አንድ ጊዜ በሰጡት ዋጋ ሸጦ ነው የሚገላገለው፤ ዘፈኑ ሃያ ዓመት ቢዘፈን ሃያ ዓመት ይሰማዋል እንጂ አይከፈለውም። ዘፋኙ በመኪና ሲያልፍ አቧራው የሚደርሰው ደራሲው ነው። ይህን የምንለው ዘፋኞችን ለመክሰስ አይደለም፤ እነሱንም የካሴት ቀጂ ዘርፏቸዋል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት ያውቅ ነበር። የሚያስፈጽመው አጣ እንጂ። በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ፤ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት መብቱ ይጠበቃል አለ። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለና የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡ ማኅበራት መንገድ ተበጀላቸው። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሕግ ስም ይፈልጋል። «ከሳሽ ማን ነው?» ሲባል «ሕዝብ» ማለት አይቻልም። የእኛ ሽማግሌ አዝማሪ ማስረጃቸው ምንድን ነው? ዳሱ ፈርሷል። ሙሽሮቹ አርጅተዋል። ስንኙን ያሏት በአውንጊ ጀምረው በአማርኛ ይሁን የጨረሷት፣ ካሴቱ ላይ ያለው ደግሞ አማርኛው ብቻ ነው። የአውንጊው ዘፈን ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል፤ ዜማው ይወሰድና ግጥሙ ይቀየራል፤ የሚቀረው ጭፈራው ብቻ ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲጋልብ የሚባለውን ስንኝ ሁሉ ያለው አንድ ሰው አለ፤ ከዓመት በፊት ወይም ከመቶ ዓመት በፊት የሆነ ሰው አፍ ከፍቶ ብሎታል። ዘፈን ከመሬት እንደ እንጉዳይ አይፈላም።

ጋሽ ተስፋዬስ? ካገር ወጥተው የኋለኛውን ዕድሜያቸውን በዋሽንግተን አካባቢ አሳለፉ። እዚያም አላረፉም። የኢትዮጵያን ኪነ ጥበብና ባህል የሚያሳይ ማዕከል አቋቋሙ፤ የተሰደደውን ሙዚቀኛ ሰበሰቡ፤ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ታሪክም በአማርኛ መጽሐፍ አድርገው ጻፉ። ዘፈን ደራሲ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ዕድሜ ልኩን የሰው ዜማ ሲያቃናና ለሰው ዜማ ሲሰጥ የኖረ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ስም ይጽፋል። ማን ምን መታ፣ ማን ምን ዘፈነ፣ ማን ከየት መጣ። እኛ ከዘፈኖቻቸው ሁሉ ይህን ሥራቸውን እናስበልጣለን ብንል ወዳጆቻቸው ይቀየሙን ይሆናል። ግን እናስበልጣለን።

በ2007 ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ «ኢትዮፒክስ» ከሚባሉት ተከታታይ ሲዲዎች 23ኛውን ለኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሰጠ። ድምፁ ከ30 ዓመት በኋላ ከመቃብር እንደተነሣ ሆኖ ተሰማ። ጋሽ ተስፋዬ ለዚያ ደርሰዋል። በ2013 አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ኤል ዳብህም በ2017፣ በ96 ዓመቱ ተከተለ።

ከመካከላችን አንዱ ሲዲውን አዲስ ቅዳም ይዞት ሄዶ ነበር፤ አባቱ ቤት። አባትዮው ማሲንቆውን ሲሰሙ ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ። በገናው ሲመጣ አቆሙ። «ጾም ነው እንዴ?» አሉ። ቶሙ ሲገባ ደግሞ «ይሄስ የማን አገር ነው?» ብለው ጠየቁ። «የጋምቤላ ነው» አላቸው። «እህ» አሉና እንደገና እንዲያጫውተው አዘዙ። ሦስት ጊዜ ሰሙት። በመጨረሻ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ያቀናበረው ማን ነው?» ስሙን ነገራቸው። «ተስፋዬ ለማ» ብለው ደገሙት፤ እንደማይረሱት እርግጠኛ ለመሆን ይመስላል።

ያ ካሴት ቤት ዛሬ ስልክ መጠገኛ ሆኗል። ስፒከሩ አሁንም ወደ መንገዱ የዞረ ነው። ባለፈው ስንሄድ አንዱ ወጣት ስልክ እየሞላ የጎጃም ጭፈራ ከፍቶ ነበር፤ ምቱን ገና ሲጀምር አወቅነው፤ የልጅነታችን ነው፣ ያቺው የሽማግሌው። «ይህን ማን ነው የደረሰው?» አልነው። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አየልን። ዱሮ በክዳኑ ውስጥ የነበረችው ወረቀት የለችም፤ «የሕዝብ» የምትለዋም ቀርታለች።

«ትራክ 07» ነው የሚለው።